ቀይ እስክሪብቶ በጋራው ገጽ ላይ

ተማሪዎቿ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ ኖሯል። መምህርቷ ግን ታውቀዋለች። አታውቅም ብሎ ከጀርባዋ የሚንሾካሾክ ተማሪ ካለ የዋህ ነው። እንዲያውም እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ስሙ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ደግሞስ ሌላ ምን ይበሏት? ከነጩ ጋዋኗ የደረት ኪስ ሁለት ቀይ እስክሪብቶ ተለይቶ አያውቅም፤ አንዱ ቢያልቅባትስ! የሳይንስ ደብተር ስታርም አንዲት ነጥብ አታልፍም። በእያንዳንዱ ሥራ ግርጌ የምታሰፍራት ቃልም ያችው ናት፤ «ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ይቀረዋል።» ለጎበዙም ይቀረዋል፣ ለሰነፉም ይቀረዋል። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። በእጮኝነታቸው ጊዜ የጻፈላትን የፍቅር ደብዳቤ አርማ እንደመለሰችለት ለደንበኞቹ ሲያወራ ጥርስ አያስከድንም። እሷ «ውሸቱን ነው» ትላለች፤ ስትል ግን ዓይኑን አታየውም።

የዚያን ዓመት ሐሳብ የሆነባት አንዲት ተማሪ ነበረች። መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ «ሹክሹክታ» ይሏታል። ጥያቄ ስትጠየቅ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን ከፊቷ ካለው ወንበር አልፎ አያውቅም። መልሱን የሚሰማው ከፊት የሚቀመጠው ልጅ ዞር ብሎ «እንዲህ አለች ቲቸር» እያለ ያስተረጉምላት ነበር። ፈተና ላይ ደህና ታመጣለች። ስለዚህ ብዙዎቹ መምህራን ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ቆጥረው ትተዋታል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። በወላጆች ስብሰባ ቀን ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው ወደ መምህርቷ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ቤትም እንደዚሁ ናት» አሏት። «ትምህርቱስ አያሳስበኝም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ነገ ሰው ሲበድላት፣ ‹ኧረ ተው!› የምትልበትን ድምፅ ከየት ታመጣዋለች?»

መምህርቷ «ለእኔ ይተዉልኝ» አለች፣ አፏን ሞልታ። ቤቷ እስክትደርስ ግን «ቆይ፣ ምን አድርጌ ነው የማናግራት?» እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች።

መላው የመጣው ካልጠበቀችበት በኩል ነው። የኮምፒውተር አስተማሪው፣ ቁርስ መብላት የሚረሳ ግን ለሁሉም ነገር ጊዜ ያለው ሰው፣ አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። በኢንተርኔት የሚከፈት ባዶ ገጽ አሳያት። ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይገባበታል፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያየዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጻፍ፣ በኅዳጉ ላይ መጠየቅ፣ መመለስ ይችላል።

«አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ደብተር ላይ?» አለች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ግርግር?»

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ ይሞክሩት። ካልወደዱት ሁለተኛ አላነሳብዎትም።»

ሞከረችው። ርዕሱንም ራሷ አወጣች፤ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ከየት ይመጣል፣ ተጠቅመንበት ሲያበቃስ ወዴት ይሄዳል? የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። አንዱ የራሱን ስም ገጹን በሚሞላ ፊደል ጻፈ። ሌላዋ የቡድኗን ሥራ በሙሉ በአንድ ጊዜ አጥፍታ የሰው ያለህ ብላ ጮኸች፤ የኮምፒውተር አስተማሪው ሮጦ መጥቶ የጠፋውን መለሰላት። ከዚያ ግን ነገሩ እየተረጋጋ ሄደ። ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጽፍበትን ቦታ የምታሳይ፣ የራሱ ቀለም ያላት ትንሽ ጠቋሚ አለች፤ አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ ሐምራዊ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የጀመሩትን ቤታቸው ገብተው በወላጆቻቸው ስልክ ሳይቀር ይቀጥሉት ጀመር።

ከሁሉም በላይ ግን አረንጓዴዋ ጠቋሚ አላርፍ አለች። አረንጓዴዋ ሹክሹክታ ነበረች።

«ከቤታችን ጀርባ ቦይ አለ» ብላ ጻፈች። «ጠዋት ጠዋት ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሰው ሁሉ ፊቱን የሚታጠበው ያኔ ነው። ከሰዓት በኋላ አረፋው ይጠፋና ቅጠል ይዞ ይመጣል። ቅጠሉ የእኛ ሰፈር ቅጠል አይደለም፤ ስለዚህ ውሃው የሌላ ሰፈር እንግዳ ነው ማለት ነው።» ሰማያዊው ልጅ «የየት ሰፈር?» ሲል ጠየቃት። መለሰችለት። ብርቱካኗ ሌላ ጠየቀቻት፤ ለእሷም መለሰች። ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅ ከሦስት አቅጣጫ የሚመጣባትን ጥያቄ እየተቀበለች ስታስተናግድ መምህርቷ አይታ ልቧ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ከሆነማ ከገጹ ወደ ክፍሉ ማምጣት አያቅተኝም ብላ ተስፋ አደረገች።

እዚህ ላይ እጇን ሰብስባ ብትቀመጥ ኖሮ ነገሩ ባማረ ነበር። ግን ቀይ እስክሪብቶ እጇን መቼ ታሳርፍና! ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ትከፍታለች። ልጆቹ ሲጽፉ እያየች፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ከሥር ከሥሩ ታርማለች፤ ያውም በቀይ። «ምንጭህ ምንድን ነው?» «ይህ በቂ ማስረጃ አይደለም።» «ስፋቱን ሳትለካ ሰፊ አትበል።» ከሹክሹክታ ቦይ ላይም ደረሰች። «ይህ ሳይንሳዊ አይደለም» ብላ ጻፈች። «ሽታውን በምን ለካሽው?»

አረንጓዴዋ ጠቋሚ ቀጥ አለች። ጥቂት ቆይታ ከገጹ ጠፋች።

ሰማያዊውም ተከተለ። በማግስቱ መምህርቷ ገና ገጹን ከመክፈቷ ጠቋሚዎቹ አንድ በአንድ ውልቅ ውልቅ አሉ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። መቼም ሰው ጥፋቱን ከራሱ አይጀምርምና መምህርቷ ኔትወርኩን ጠረጠረች።

«ስማ እንጂ» አለችው የኮምፒውተር አስተማሪውን። «ኔትወርኩ ልጆቼን እያወጣ እየጣለብኝ ነው። እኔ ስገባ እነሱ ይወጣሉ፤ መስመሩ ሰው በዛብኝ ይላል መሰለኝ።»

እሱም የራሱን ላፕቶፕ ከፈተና «እስኪ እርስዎ በእርስዎ ይግቡ» አላት። ገባች። ከዚያ የእሱን ስክሪን ወደ እሷ አዞረው። በገጹ መሐል ቀይ ጠቋሚ፣ አናቷ ላይ የመምህርቷ ሙሉ ስም ከነማዕረጉ ተሰቅሎባት፣ ወዲያና ወዲህ ትላለች። መምህርቷ እጇን ስታንቀሳቅስ ጠቋሚዋም ትንቀሳቀሳለች።

«ይቺ ማናት?»

«እርስዎ ነዎታ፣ እትዬ።»

«እና ልጆቹ ያዩኛል?»

«ከገቡበት ደቂቃ ጀምሮ። ቀለሙን የመረጠልዎ ግን ማሽኑ ነው፤ እኔ የለሁበትም» አለ፣ ሳቁን እየዋጠ።

መምህርቷ ክው አለች። እሷ እኮ እንደ ድሮው ደብተር ቤቷ ወስዳ፣ ማንም ሳያያት የምታርም ነበር የመሰላት። ለካ እያንዳንዱ ልጅ ቤት ገብታ ትከሻው ላይ ቆማ ነው የሰነበተችው።

ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው። ይስቅብኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ እሱም አላሳፈራትም። ሲበቃው ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ ሙያ ስለምድ አለቃዬ ከኋላዬ ሲቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አላት። «ስንት ሰው ጆሮውን ይዞ የወጣው በእግዜር ኪነ ጥበብ ነው።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ? ያቺን ልጅ እኮ አፏን ልትከፍት ስትል እኔው ዘጋሁባት። ለእናቷ ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። እስኪ አንዴ ደግሞ አንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፤ እነሱ መቀሱን ይያዙት።»

በማግስቱ ክፍል ገብታ ሳትሽኮረመም ተናገረች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስትጽፉ እዚያ መቆም አልነበረብኝም። ከዛሬ ጀምሮ እናንተ በምትጽፉበት ሰዓት አልገባም። አንድ ነገር ግን አለ፤ እኔም የራሴን ክፍል እጽፋለሁ፤ የምታርሙት እናንተ ናችሁ።» ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «በቀይ ነው ቲቸር?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹክሹክታ ግን መስኮቱን ታይ ነበር።

መምህርቷ የጻፈችው በትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ለዚህ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ ኖራለች። ውሃው በዋናው በር ሥር አልፎ የመንገዱ ቱቦ ውስጥ ይገባል ብላ፣ በሚያምር ቋንቋ አስፍራ ወጣች።

ቀናት አለፉ። ጠቋሚዎቹ ተመለሱ፤ ሰማያዊውና ብርቱካኗ እንደ ቀድሟቸው ይከራከሩ ጀመር። እሷ ጠዋት ጠዋት ገብታ ስታይ ሥራው አድጎ ታገኘዋለች፤ ከእሷ እርማት ውጭ፣ እርስ በርሳቸው ተራርመው። ይህን ማየት ደስ ያሰኛታል፤ ትንሽም ቅር ይላታል፣ ሰው ናትና። የእሷን ጽሑፍ ግን የነካው የለም። የሹክሹክታም ቦይ ከነሳሙናው፣ «በምን ለካሽው?» ከሚለው ቀይ ጽሑፍ ጋር እዚያው ቆሟል። ቀዩን ልታጠፋው ብላ ተወችው፤ ያጠፋችውን መደበቅ መሰላት። አንድ ቀን እናትየው መንገድ ላይ አገኟትና በዓይናቸው ብቻ «እንዴት ናት?» ብለው ጠየቋት። መምህርቷ «ትንሽ ይታገሱኝ» አለቻቸው።

ከሁለት ቀን ጥሩ ዝናብ በኋላ፣ ጠዋት ክፍል ሳትገባ ገጹን ከፈተችው። ያ የሚያምር ጽሑፏ መሐል ለመሐል በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፤

«ቲቸር፣ ይሄ እውነት አይመስለኝም። ውሃው በበሩ ሥር አይወጣም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ዞሮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቶ፣ የእኛ ሰፈር ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው። ያ የእኛ ሰፈር ያልሆነው ቅጠልም የትምህርት ቤቱ ዛፍ ቅጠል ነው። በምን ለካሽው ካሉኝ፣ በወረቀት ጀልባ። ለቅቄው ቤቴ ድረስ ተከትዬዋለሁ።»

ከሥሩም፣ «ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ይቀረዋል።»

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። ስቃ ስቃ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። የኮምፒውተር አስተማሪው «ምን ሆኑ?» ብሎ ደንግጦ ሲመጣ «ታረምኩ!» አለችው።

ያን ቀን ክፍሉን በሙሉ ይዛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወጣች። አንዱ ልጅ ከቧንቧው በባልዲ ውሃ ቀድቶ መጣ። ሹክሹክታ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ አጠፈች፤ ጀልባውን በግድግዳው ሥር ባለው የዝናብ መውረጃ አፍ ላይ አስቀመጠችው። ውሃው ተለቀቀ። ጀልባው ተንሳፈፈ፣ ግድግዳውን ታክኮ ሄደ፣ ልጆቹም ግር ብለው ተከተሉት። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ድንጋይ ያዘው። ጋደል አለ፣ ውሃም ሊገባበት ሆነ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ ልታቃናው እጇን ዘረጋች።

«ኧረ ተዉት! አይንኩት ቲቸር!»

ጩኸቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። ልጆቹ ሁሉ ዞር አሉ፤ ይህን ድምፅ ከዚህ በፊት የሰማው የለም። ሹክሹክታ ፊቷ ቀልቶ፣ እጆቿን እንደዘረጋች ቆማለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ራሱ ይሄዳል!» አለች።

መምህርቷ እጇን ሰበሰበች። ሰብስባም ከሁለቱ ቀይ እስክሪብቶዎች በታች ባለው የጋዋን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ጀልባው ድንጋዩ ላይ ትንሽ ተወዛወዘ፣ ፊቱን አዞረ፣ ከዚያ ማዕዘኑን ታጥፎ ሄደ። ሹክሹክታ «በዚህ በኩል! በዚህ በኩል!» እያለች ፊት ፊት ሮጠች፤ ክፍሉ በሙሉ ከኋላዋ፣ መምህርቷ ከሁሉም ኋላ።