በዊልዳ ሥዕል ላይ የተለጠፈው ፊት

ዊልዳ ክራይቼክ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። ያን ቅዳሜ ክሊቭላንድ ውስጥ፣ የአሮጌ መጽሔትና ሥዕል ባዛር ላይ ስትቆም ግን ደሟ እንደ ኮረዳ ፈልቶ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። በወጣትነቷ ዘመን ወንዶች ፀጉር ቤት ተቀምጠው የሚያገላብጡት አንድ መጽሔት ነበር፤ ከቁም ነገሩ ይልቅ የሚያስቀው ሥዕል የሚበዛበት። ዊልዳ ልጆቿን አስተኝታ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሳለችለት። አዘጋጁ ስሟን አያወጣም። «ሴት ሳለችው ከተባለ ወንዱ መሳቁን ይተዋል» ይላት ነበር። ይባስ ብሎ ሴቶቹ ሁሉ አንድ መልክ ይኑራቸው አለና፣ መርቭ ስታኔክ የሚባል የቢሮው ሠዓሊ በቁራጭ ወረቀት ፊት እየሳለ እሷ በሳለችው ላይ ይለጥፍበት ጀመር። ምን ታድርግ፣ ዋጠችው።

አሁን ደግሞ ላይል በርድሶል መጣ። ፊርማ የሌለውን ሥዕል አይቶ የማን እንደሆነ የሚናገር የአሮጌ ሥዕል ሰብሳቢ ነው፤ እሱ ያለውን ሰብሳቢው ሁሉ ያምናል። ጠረጴዛው ላይ አርባ የእሷን የእጅ ሥዕሎች ደርድሮ፣ በየግርጌያቸው «መርቭ ስታኔክ» የሚል ካርድ አቁሟል። በመጽሐፍም ሊያወጣው ነው። መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል?

«ይሄን ማን ነገረህ?» አለችው።

«ፊቱ ነዋ፣ እማማ! የስታኔክን አፍንጫ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ።»

«ዓይንህን ግለጥና እጁን እየው! ስታኔክ እጅ መሳል የት ያውቅና? ሲያቅተው ኪስ ውስጥ ይከተዋል።»

ላይል ሳቀ። «የስንት ሠዓሊ ሚስት እዚህ መጥታ እንዲህ ብላኛለች።»

«ሚስት? እኔ የማንም ሚስት ሆኜ አልመጣሁም! ፊቱ ልጥፍ ነው፤ አንሳው።»

«ምን ነካዎት! ከተነካ እኮ ዋጋ የለውም።»

«ለማን?»

መልሱን አልጠበቀችም። አንዱን ሥዕል ሳበች፤ አለቃው ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ፣ ጸሐፊዋ ስልክ ይዛ የሚታዩበትን። የአውራ ጣቷን ጥፍር በጸሐፊዋ አገጭ ሥር ሰደደችው።

«ኧረ በፈጠረዎት!» ጮኸ ላይል።

ሙጫው ስንት ዘመን ደርቆ ኖሮ፣ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ጥርሰ ፍንጭት፣ አንድ ቅንድቧን ያነሣች ሴት ወጣች፤ በአለቃዋ እየሳቀች። የስታኔኳ ቆንጆ በማንም ስቃ አታውቅም። ዊልዳ እንኳ ሴቶቿ እንዲህ ይስቁ እንደነበር ረስታው ነበር፤ ሲታወሳት ንዴቷ ባሰ።

የላይልን እስክሪቢቶ ከደረት ኪሱ መዘዘች። አንዱን የስታኔክ ካርድ ገልብጣ ያችኑ ሴት በስድስት ሰባት ጭረት ሳለቻት። ፍንጭቷም፣ ቅንድቧም ያው። ላይል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ አየ። ጆሮው ቀላ።

«ስምዎ... እንዴት ነው የሚጻፈው?»

«መጀመሪያ የእሱን ካርዶች ቅደድ።»

ሰው ከብቧቸዋል። ላይል አንዱን ካርድ ቀደደ። ዊልዳ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛውን ቀደደ፣ ሦስተኛውን። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ቆመች፣ ከሳለችበት ካርድ በቀር ሁሉንም አስቀደደችው፤ ስሟን የነገረችው ከዚያ በኋላ ነው። አላመሰገነችውም።