ትኩሳቱ የነገረኝ

አባቴ በስሜ ከጠራኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ተጣልተን አይደለም። አብረን እንበላለን፤ መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ብቻ «አንቺ» ነው የሚለኝ። «አንቺ፣ ዛሬ ቆየሽ።» «አንቺ፣ ጨው አልቋል።» እዚህ እንዴት እንደደረስን ልናገር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከአሁኑ ልበለውና ይውጣልኝ።

አሶሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ መብራት ሲጠፋ ወጥቼ የምቀመጥባት በረንዳ፤ ይኸው ነው። ሥራዬ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ነው። የመሬት፣ የጡረታ፣ የዝውውር፣ የጠፋ መታወቂያ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበረኝ። ጽፌ ስጨርስ፣ ከማተሜ በፊት፣ ለባለጉዳዩ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። «እንዲህ ነው ያልከው?» እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው «አዎ» ይላል። አንዳንዱ ግን የገዛ ነገሩን ከሰው አፍ ሲሰማ ፊቱ ይለወጥና «ይቺን ተያት» ይላል። እተዋታለሁ።

የሰው ነገር ስጽፍ ስጽፍ የራሴን መጻፍ አማረኝና ብሎግ ከፈትኩ። መጀመሪያ ስለ መብራት መጥፋት ጻፍኩ። ሦስት ሰው አነበበው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ስለ ቀርከሃ ጻፍኩ፤ ስለ ቅዳሜ ገበያ ጻፍኩ። ማን ዞር ብሎ ይየው። እልህ ያዘኝ።

በዚያው ሰሞን ለአዲስ ጸሐፊዎች ሥልጠና ተዘጋጅቷል ሲባል ተመዘገብኩ። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ታዋቂ ብሎገር ነበር፤ አንደበቱ የተፈታ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ወጣት። ብሎጌን ከፍቶ አየና «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ተደብቀሻል» አለኝ። «የምትፈሪውን ጻፊ። ስምሽን ከነአባትሽ ከላይ አስቀምጪው። የቦታውን ስም ጥሪ። ስም የሌለውን ነገር ሰው አያምንም። ፈቃድ ደግሞ አትጠይቂ፤ ከጠየቅሽ አትጽፊውም።» ይቺን የመጨረሻዋን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ወላሂ፣ ያን ቀን የተናገረው ሁሉ ለእኔ ብቻ የተባለ ነበር የመሰለኝ።

የምፈራው ነገርም ነበረኝ። ከሰማሁት ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

አባቴ የወሎ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ መጥቶ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች የሰፋሪዎች አምባ ተቀመጠ፤ እናቴን እዚያው አገባ፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። እናቴ ስትሞት ከተማ አምጥቼው አብረን እንኖራለን። ስለ ወሎ ስጠይቀው «አገር ነዋ» ብሎ ይዘጋዋል። ያን ሰሞን ወባ ጣለው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስዳብስለት ስሜን ጠራ።

«አቤት አባዬ» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠና ትክ ብሎ አየኝ። «የትኛዋ ነሽ?»

«እኔ ነኛ።»

«የፊተኛዋ ነሽ? አደግሽ።»

ከዚያ በኋላ የሚለውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። በድርቁ ጊዜ ሚስትና ገና መራመድ የጀመረች ሴት ልጅ ነበሩት። የእርዳታ እህል ይታደላል ሲባል ሊያመጣላቸው ወረደ። እዚያው ሰዉን ሰብስበው መኪና ላይ ጫኑት፤ ያ መኪና ነው እዚህ ያደረሰው። ከዓመታት በኋላ አንድ የአገሩ ሰው ወሬ አመጣለት። ሚስቱ ሞቷል ብላ ሰደቃውን አውጥታለች፤ ሌላ ባል አግብታ ወልዳለች፤ ባልየውም ደግ ሰው ነው። «አለሁ ብዬ ብሄድ ትዳሯን ላፈርስ ነው» አለ አባቴ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጣሪያው። «ሙት ካሉኝ ሙት ልሁንላት።» ቀስ እያለ ነው የገባኝ። የእኔ ስም የዚያች የመጀመሪያ ልጁ ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠራኝ ቁጥር ሁለታችንንም ሲጠራ ኖሯል።

ሲሻለው ተነስቶ ተቀመጠና «ታምሜ ምን ስል ነበር?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ያገኘሁትን እንዳይነጥቀኝ ፈርቼ ይመስለኛል።

ከሥልጠናው መልስ ጻፍኩት። እንደዚያ ጽፌ አላውቅም፤ እጄ አልቆም አለኝ። ግን ልቤም አላርፍ አለኝና ለሌላ ሰው ላነብ ፈለግሁ። አባቴ አንድ የቅርብ ወዳጅ አለው። የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ሰፋሪዎቹ ሲመጡ ለአባቴ የመጀመሪያውን የማሽላ ዘር የሰጡት እሳቸው ናቸው። «አጎቴ» እላቸዋለሁ። የማንጎ ነጋዴ ናቸው፤ ፍሬውን ዛፉ ላይ እያለ ነው የሚገዙት። አበባ ሲይዝ ከባለቤቱ ጋር ይስማማሉ። ሊያወርዱ በሚመጡበት ቀን ግን፣ ተስማምተው እንኳ፣ ዛፉ ላይ ሰው ከማውጣታቸው በፊት ባለቤቱን ደግመው ይጠይቃሉ። «ልውሰድ?» ይላሉ። እምቢ ካለ አህያቸውን ነድተው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ነጋዴዎች በዚህ ይስቁባቸዋል።

በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው አንብቤ እስክጨርስ በመቁጠሪያቸው ሲጫወቱ ቆዩ። አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው።

«ይሄን አባትህ ነገረህ?»

«አዎ፣ ታሞ ሳለ።»

«አይ። ትኩሳት ነው የነገረህ። አባትህ አልነገረህም።» ወደ ማተሚያዬ ጠቆሙ። «አንተ የሰው ማመልከቻ ሳታነብለት አታትምም። እኔ አይቻለሁ። የአባትህን ለምን ሳይሰማ? ጠይቅ። እሺ ካለ ጻፍ፤ ስታወጣው ደግሞ ሁለተኛ ጠይቅ። አበባ ሲያይ እሺ ያለ ሰው፣ ፍሬ ሲያይ ሌላ ሰው ነው።»

እሺ አልኳቸው። ሲሄዱ ግን ልቤ ሌላ ነበር። አንደኛውን መካሪ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይከተለዋል፤ አጎቴን የምትከተላቸው አህያቸው ብቻ ናት። ስለ ብሎግ እሳቸው ምን ያውቃሉ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ሳልቀባባው ነው የምጽፈው። ደግሞም አባቴን ብጠይቀው እምቢ እንደሚለኝ አውቅ ነበር። ያወቅሁትን ነው ያልጠየቅሁት።

ጽሑፉን አወጣሁት። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የወሎው ቀበሌ ስም፣ ሁሉም አለ። በአንድ ቀን ከዚያ በፊት የጻፍኩትን ሁሉ በአንድነት ካነበበው ሰው የሚበልጥ አነበበው። «አለቀስኩ» የሚል፣ «ቀጥይ» የሚል አስተያየት ወረደልኝ። ሦስት ቀን ከስልኬ ዓይኔን አላነሳሁም። አባቴ «ምን ያስቅሻል?» ሲለኝ «ሥራ ነው» እለዋለሁ። በአራተኛው ቀን፣ አንድ ሰውዬ የጡረታ ወረቀቱን ኮፒ እያስደረገ ሳለ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የሴት ድምፅ ነው። ስሜን ከነአባቴ ጠራችና «አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ። ማን ልበል?»

«እኔም ነኝ» አለች።

ማሽኑ ወረቀት መትፋቱን ቀጥሏል። ሰውየው «በቃ፣ በቃ» ሲለኝ ይሰማኛል።

እናቷ በሕይወት አሉ። ጽሑፉን ሰው አነበበላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ልብሳቸውን ጠቅልለው ከባላቸው ቤት ወጡ፤ ልጃቸው ቤት ገቡ። «የፊተኛው ባሌ በሕይወት ካለ እኔ የማን ነኝ?» ብቻ ነው የሚሉት። «ያሳደገኝ አባቴ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ነው» አለች እህቴ። «እህል አልቀምስ ብሏል። ምን አጠፋሁ ይለኛል። ምን ልበለው?» የመንደራቸው ሼኽ ተጠይቀው፣ የእናቷ ልብ እንዲያርፍ ከአባቴ ከራሱ አንደበት ፍቺው ይሰማ ብለዋል።

«ጽሑፉን ላጥፋው?» አልኳት። እንዲህ ነው እንግዲህ አእምሮ የሚባለው።

«ከእናቴ ጆሮ እንዴት ታጠፊዋለሽ?» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አጠፋሁት። ሌሎች ገልብጠው በየገጻቸው ለጥፈውት ነበርና እዚያ ያለው ምን ጊዜም አለ። ጨንቆኝ ለአሰልጣኙ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። ቶሎ መለሰልኝ። «ድንቅ ነው፤ እህትሽን አግኝተሻል። ሁለተኛውን ክፍል አሁኑኑ ጻፊ» ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። የእኛን ቤት አያውቀውም፤ እኔ ግን አውቀው ነበር።

ለአባቴ መንገር አቃተኝና አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ነግሬህ አልነበር አላሉም። ጫማቸውን አደረጉና ተከተሉኝ። እሳቸው ናቸው አጠገቡ ተቀምጠው፣ ጉልበቱን ይዘው የነገሩት። አባቴ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ምንም ብለሽኝ ነበር» አለ። ከዚያ ውጭ እስከ ዛሬ ምንም አልወቀሰኝም።

በማግስቱ ከአስር ሰላት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥን፤ አባቴ፣ አጎቴና እኔ። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ መሐላችን አስቀመጥኩት። በወዲያኛው በኩል እህቴ፣ እናቷ፣ ሼኹና ሽማግሌው ባል አሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ቢስሚላህ» አለ። ስሟን ጠራ። «እንዲህ የምትባለዋን ፈትቻታለሁ። ልፈታት ከወሰንኩ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ትዳሯ ትዳር ነው፤ ልጆቿም የክብር ናቸው። አውፍ በሉኝ።» ሼኹ ዱዓ አደረጉ። አለቀ ብዬ ስልኩን ላነሳ እጄን ስዘረጋ፣ የአሮጊት ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ አልተጣደፈም።

«ያን ቀን እህሉን ሰጡህ?»

አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት የቆየበት ጊዜ ዛሬም ሥራ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል። ማመልከቻ እየጻፍኩ መሐል ላይ እቆማለሁ።

«አልሰጡኝም» አለ።

«እኔ ውሃ ጥጄ ነበር» አሉ። ስልኩ ተዘጋ።

የእህቴ እናት ወደ ባላቸው ቤት ተመለሱ። እህቴ በየዒዱ መልእክት ትልክልኛለች፤ ሽማግሌው መብላት ጀምሯል ብላኛለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሜን ሰምቼው አላውቅም። ሊጠራኝ ሲል አፉ ይከፈትና ይመለሳል፤ አያለሁ። ከዚያ «አንቺ» ይለኛል። መጀመሪያ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ስም ሲጠራ ማን አቤት እንደሚለው የፈራ ይመስለኛል። እኔም እፈራለሁ። ሰው ደጅ ላይ ስሜን ሲጠራ ለእኔ ነው ብዬ ወዲያው አልነሳም።

ብሎጉን አልዘጋሁትም። አጎቴ እንዳሉት አድርጌ ነው የምጽፈው፤ አንዴ ስጀምር፣ አንዴ ሳወጣ እጠይቃለሁ። ብዙ ጽሑፍ በሁለተኛው ጥያቄ ይቀርብኛል። ይቅር። ይሄን ጽሑፍ ግን ጀምሬ ለአባቴ ሳነብለት መጀመሪያ እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ኋላ ስም ከሌለው ጻፊው አለኝ። ጽፌ ጨርሼ በዚህ ሳምንት ደግሜ አነበብኩለት። እህሉን ሰጡህ የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ሰጥተውኝ ነበር» አለ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«በትከሻዬ ይዤው ነው የጫኑኝ። መንገዱ ረጅም ነበር። ጥሬውን ቆረጠምኩት፤ አጠገቤ ላሉትም ሰጠሁ። እዚህ ስንደርስ ከረጢቱ ባዶ ነበር።» ዓይኖቹ ደረቅ ናቸው፤ ትኩሳት የለበትም። «ምን ልበላት ነበር?»

«ይሄን ልጻፈው?» አልኩት።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። እኔም አልጻፍኩትም። ዛሬ ጠዋት፣ ለውዱእ ሊነሳ ሲል፣ ደግሜ ጠየቅሁት። ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«ጻፊው» አለ። ከዚያም፣ «አንቺ፣ ውሃ ጣጂ።»

ጣድኩለት።