እትዬ ሃሎ ሦስቱን መስመር ያገናኙ ዕለት

የሆስፒታሉ የስልክ ማዞሪያ ክፍል ከደረጃው ሥር የተሸጎጠች ናት። አንድ ወንበር፣ ባለ ብዙ ቁልፍ ማዞሪያ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ሹራብ፤ በቃ። እዚያች ክፍል ውስጥ ጥርሳቸውን የነቀሉት ሴት ስማቸው ተረስቶ «እትዬ ሃሎ» ሆነው ቀርተዋል። ልብስ ሰፊው ባለቤታቸው እንኳ ማታ ሲገቡ «ሃሎ፣ እራት ደርሷል?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «መስመሩ ተይዟል፤ ራስህ አቅርብ!» ይላሉ።

እትዬ ሃሎ ዝም ብለው መስመር አያገናኙም። «ጉንፋኑ ለቀቀህ?» ሳይሉ፣ «ልጅሽ ፈተናውን አለፈ?» ሳይሉ አያልፉም። ዓይተውት የማያውቁትን የከተማውን ግማሽ በድምፁ ይለዩታል።

አንድ ማለዳ የማዋለጃ ክፍሏ ኃላፊ ሲስተር እያለከለከች ገባች።

«እትዬ፣ ጉድ ፈላ! ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ የለም። ማጠራቀሚያው ሊደርቅ ነው፤ ለኦፕሬሽን የምትዘጋጅ እናት አለችን። ሥራ አስኪያጁ ወደ ከተማው ውሃ አገልግሎት ሄደዋል፤ እርስዎም የሚያውቁትን ሁሉ ይሞክሩ!»

እትዬ ሃሎ ስልኩን አነሱ። የለስላሳ ፋብሪካው ተቆጣጣሪ፣ «የጉድጓድ ውሃማ ሞልቶኛል፤ በምን ላመላልሰው?» አለ። የወተት ድርጅቱ ሹፌር፣ «ንጹሕ ቦቴ አለኝ፤ ግን ጎማዬ ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ» አለ። የመንገድ ሥራው ፎርማን ደግሞ፣ «ጎማም ጎሚስታም አለኝ፤ የት ልላከው?»

የእትዬ ሃሎ ልብ ዘለለ። የአንዱ «ግን» የሌላው «አለኝ» ነው!

ደስታው ግን ወዲያው ላብ ሆነ። ፎርማኑ የጎማውን መጠን ጠየቀ። እሱን ለሹፌሩ ሲያደርሱ ፎርማኑ መጠበቅ ሰልችቶት ዘጋ። ፎርማኑን መልሰው ሲያገኙ ተቆጣጣሪው በሌላው መስመር «ቦቴው የታለ?» እያለ ይጮኻል። የማዞሪያው ቀይ መብራቶች እንደ እሳት ቦግ ቦግ ይላሉ።

«የማጠራቀሚያው ውሃ መጨረሻው ላይ ደርሷል!» አለች ሲስተሯ።

እትዬ ሃሎ ግንባራቸውን መቱ። «ወይ የኔ ነገር! ማነቆው እኮ እኔው ነኝ!»

ሦስቱን ቁልፎች ባንዴ ተጫኑና እጃቸውን አነሱ።

«ምነው፣ ዘጉት?» ሲስተሯ ደነገጠች።

«አልዘጋሁም፤ አገናኘኋቸው። ስሚ!»

ከድምፅ ማጉያው የሹፌሩ ቁጣ ወጣ፤ «ጎማዬን የበላው እኮ የእናንተው መንገድ ጉድጓድ ነው!»

«እንግዲያው የበላነው እኛ፣ የምንጠግነውም እኛ!» ፎርማኑ ሳቀ። «የት ነህ? ... በል አትንቀሳቀስ፣ ጎሚስታው መኪና ላይ ወጥቷል።»

«በፋብሪካው የኋላ በር ግባ፤ ቱቦው ተዘርግቶ ይጠብቅሃል» አለ ተቆጣጣሪው።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል በእትዬ ሃሎ በኩል አላለፈም። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው እንደ ኳስ ተመልካች ይቁነጠነጣሉ። ብዙም ሳይቆይ የቦቴው ጥሩምባ ግቢውን አናወጠው፤ ነርሶች በመስኮት እልል አሉ፤ ሲስተሯ እትዬ ሃሎን ከነማዳመጫቸው አቀፈቻቸው። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትየውም በሰላም ነቃች።

ሦስቱ ሰዎች በዚያው አልተለያዩም። ፋብሪካው ሲቸግረው ፎርማኑን፣ ፎርማኑ ሲቸግረው የወተት ድርጅቱን መጥራት ጀመረ። እያንዳንዱም የራሱን ወዳጅ እየጎተተ አመጣ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የእትዬ ሃሎ ሥራ፣ «አንተ ምን አለህ? ምን ጎደለህ?» ብሎ ጠይቆ ዞር ማለት ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት እረፍት ወጥተው ሲመለሱ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ማሽን ተበላሽቶ እንደ ነበር ሰሙ።

«ታዲያ ለምን አልጠራችሁኝም?»

«ምን ያስጠራል?» አለች ሲስተሯ። «ሹፌሩ ለፎርማኑ ነገረው፤ ፎርማኑ አንድ መካኒክ ያውቃል፤ መካኒኩም መጥቶ ሠራው። እኔ ራሴ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።»

«እኔ ሳልኖር?»

«እርስዎ ሳይኖሩ።»

እትዬ ሃሎ ጭብጨባቸውን አቀለጡት። ሹራባቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማዳመጫውን አጠለቁና ወደ ፎርማኑ ደወሉ።

«ሃሎ! ስማ አንተ፣ ያ መካኒክ ማነው? እስቲ ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ!»