አንሶላው ላይ የወጣው እጅ

ትምህርት ቤታችን ፕሮጀክተር ሲመጣለት ከመምህራኑ ሁሉ በላይ የፈነደቅኩት እኔ ነበርኩ። ጎባ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገፈፍ የሚገባ ተማሪ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚያዳምጠኝ፤ ጠመኔ ይዤ ስለ ዘመቻና ስለ ሰፈራ ስለፈልፍ ግማሹ ያንቀላፋል። ሥዕል ባሳያቸው ይነቃሉ ብዬ በየስብሰባው ስጨቀጭቅ ከርሜያለሁ። ዕቃው ሲመጣ ግን እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆለፈበት። ለምን ሲባል፣ እንዳይበላሽ። ካልተነካማ እንደማይበላሽ እኔም አላጣሁትም! ተጣላሁ፣ በር ወርውሬ ወጣሁ፣ ምንም አላመጣሁም።

ያስፈታልኝ የኮምፒውተር አስተማሪው ነው። እኔ ጮኼ ከወጣሁበት ቢሮ እሱ ገብቶ ሁለት ቃል ይናገርና ቁልፉን ይዞ ይወጣል። ይህ ጠባዩ ያናድደኝ ነበር፤ የወደድኩትም በዚሁ ነው። ሲናና ተወልዶ ሮቤ የተማረ ኦሮሞ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ቀስ ብሎ፣ አስቦበት ነው የሚስቀው። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ቀን ቆርጠን ነበር። ቬሎው ታይቷል፣ አዳራሹ ተይዟል።

እኔ የሰፋሪ ዘር ነኝ። ቅድመ አያቴ ከሸዋ ጠመንጃ ተሸክሞ ከመጣው ጦር ጋር ገብቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ተማሪዎቼ መስከረም ላይ ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ጎሳ ነው። እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እንደሌለኝ ሁሉም ያውቃል። በኛ ቤት የሚቆጠረው ሰባት ቤት ነው። ሽማግሌ ሲላክ አባቴ «ዝምድና ሳይጣራ እሺ አልልም» ብሎ እስከ ሸዋ ድረስ አያት ከቅድመ አያት ቆጠረ። የእጮኛዬ አባትም የጎሳቸውን ሐረግ ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። የኛው ቆጠራ ተራራ አቋርጦ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ የነሱ ባሌ ውስጥ ይቀራል። የት ሊገናኝ! ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁና ተመራረቁ።

የመጀመሪያው የፕሮጀክተር ትምህርቴ ከተማችን እንዴት እንደተቆረቆረች ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ካለው ደብዛዛ ሥዕል ይልቅ የቤታችንን ፎቶ ላሳይ ብዬ ተነሳሁ። ቅድመ አያቴን አንድ መንገደኛ ፈረንጅ አንስቶት ነበር፤ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ በወፍራም ካርቶን ተከቦ፣ ከደረቱ በላይ ብቻ የሚታይ ጎልማሳ። እጮኛዬ «መስታወቱ ስለሚያንጸባርቅ ከፍሬሙ አውጥተሽ በስልክ አንሺው» አለኝ። አባቴ ያንን ፍሬም አታስነኩት ይል ስለነበር ገበያ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ካርቶኑ ሲነሳ ፎቶው ወደ ታች ይቀጥላል፤ ሰውዬው ተቀምጧል፣ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ተጋድሟል። እጁ አካባቢ ከጥፍሬ የማትበልጥ ጠቆር ያለች ነገር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኳት፤ አልለቅ አለች። በስልኬ አነሳሁትና ካርቶኑን መልሼ ሰቀልኩት።

በትምህርቱ ቀን መስኮቶቹን በጋቢ ጋረድን፣ ሰሌዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። እጮኛዬ ላፕቶፑ ጋ ቆመ፤ ዕቃውን ከሱ በቀር ማንም እንዳይነካ ተብሏል። ቅድመ አያቴ አንሶላው ላይ ግድግዳ አክሎ ሲወጣ ክፍሉ «ውይ!» አለ። አንድ ያንቀላፋ አልነበረም። ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ደረቴን ነፍቼ «ይህ ሰው ከዘመቻው በኋላ በሻያ ወንዝ ዳር ከነገባሮቹ መሬት የተሰጠው ሰው ነው» እያልኩ ቀጠልኩ። ገባር ማለት የራሱን መሬት ለመጣው ባለ ጠመንጃ እያረሰ የሚገብር ባላገር መሆኑንም አስረዳሁ። ይህንን ሳልሸፋፍን ነው የማስተምረው።

ከመካከል አንዱ ጠመንጃው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀ። «አጉላልን» አልኩት እጮኛዬን። አጎላው። ጠመንጃው ሲቀርብ እጁም አብሮ መጣ፤ አንሶላው በሙሉ እጅ ሆነ። ቆሻሻ ያልኩት ነገር ቆዳ ነው፤ ከነፀጉሩ የተተለተለ፣ አንጓው ላይ የተጠለቀ።

«መዲቻ!» አለች ፊት የተቀመጠች የሲናና ልጅ፣ ከወንበሯ ተነስታ። «ቲቸር፣ መዲቻ አድርጓል እኮ!»

ክፍሉ በሳቅና በፉጨት ተናጋ። መዲቻ ምን እንደሆነ ባሌ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ከብት ታርዶ ሲመረቅ ከቆዳው ተቆርጦ እጅ ላይ ይጠለቃል፤ ጎሳው መሐል ገብተህ፣ ስምህ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ መርቆህ እንጂ በመንገድ የሚገኝ ነገር አይደለም። አገር ሊያስገብር የመጣው ሰውዬ! ተማሪዎቹን ጸጥ ላሰኝ ስዞር አንሶላው ድርግም አለ።

«መብራት ሄደ!» ብሎ ተማሪው በለመደው ዜማ ጮኸ።

መብራት አልሄደም። ወለሉ ላይ ካለው ዲቫይደር ቀይዋ መብራት ቦግ እንዳለች ነበረች። ቀና ስል እጮኛዬ ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ያህል ደንግጦ ያየሁት ሰው የለም።

ተማሪዎቹ ሲወጡ «ለምን አጠፋኸው?» አልኩት።

ገመዱን ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀልላል። «የሻያ ዳር ባለ ጠመንጃ...» አለና አቆመ። «አባቴን ልጠይቅ። እስከዚያ ምንም አትበዪኝ።»

አባትየው በዚያው ሳምንት ከሲናና መጡ፤ ብቻቸውን ሳይሆን ከሁለት የጎሳ ሽማግሌዎች ጋር። ለሠርግ ወሬ የመጡ መስሏት እናቴ ወንበር ስታስተካክል አንጀቴን በላችው። አባትየው ፎቶው ካልወረደ አልቀመጥም አሉ። አባቴ እያጉረመረመ አወረደው፤ ካርቶኑን እኔ አነሳሁት። እጁን ረጅም ሰዓት አዩ።

«ይህ ሰው የኛ ነው» አሉ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛቸው። «ያኔ ጦሩ የኛን ከብት ነድቶ ወሰደ። እሱ መለሰ። ሁሉንም አይደለም፣ ግማሹን። ለዚያ ጊዜ ግማሹም ብዙ ነው። በኋላ ሲታመም ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ እኛ ቤት ተኛ። ሲድን ወይፈን ታረደ፣ መዲቻ ገባለት፣ ወንድማችን ሆነ። እኛ ባወጣንለት ስም አብረን እንቆጥረዋለን። ልጆቹ ግን አንድ ቀን አልመጡም። ዘሩ የጠፋ መስሎን ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ኢንተላ ኮ፣ ልጃችን ነሽ። በኛ ዘንድ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም። ወንድምና እህት ናቸው።»

አባቴ ብድግ አለ። «ምን ዓይነት ነገር ነው! ደም የለም! ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ፣ እርስዎም ነበሩ!»

«ነበርኩ» አሉ። «ታዲያ የታረደው ወይፈን አይቆጠርም?»

የአባቴ ዓይን እጄ ላይ ወዳለው ካርቶን ሄደ። ካርቶኑን በልኩ የቆረጠው የሱ አባት ነው፤ የጌታ ልጅ ተብሎ ያደገ ሰው፣ አባቱ የገባሮቹ ልጅ ተብሎ መመረቁን እንግዳ እንዳያይበት። አባቴ ያንን እዚያው ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁ። ተቀመጠ። ያ ለፍላፊ አባቴ ሽማግሌዎቹን ለመሸኘት እንኳ አልተነሳም።

እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። በማግስቱ እጮኛዬን የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ! በአንድ ብጣሽ ቆዳ ትተወኛለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። «የኔና ያንተ ደም የት ተገናኝቶ ያውቃል?»

«አልተገናኘም።»

«እንግዲያስ አዲስ አበባ እንሂድ። እዚያ ማን ይቆጥረናል?»

«እኔ እቆጥራለሁ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጭንቅላቱን ላፕቶፑ ላይ ደፍቶ ሲያለቅስ እኔ ቆሜ አየሁት፤ ልጠጋው ፈለግኩ፣ እንዴት እንደምጠጋው ጠፋኝ። ከዚያች ሰዓት በፊት እቅፍ ነበር የማደርገው። ወንድሜ ነው ብሎ ያመነ ሰው ምን ተብሎ ይታቀፋል? የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ወጣሁ። አዳራሹም ተመለሰ፣ ቬሎውም ለሌላ ሰው ተሸጠ። ሰፈሩ ምን እንዳወራ ልጻፈው ብል ብዕሬ ይቆጣል።

ሌላኛው ክፍል ያንን ትምህርት ገና አልወሰደም ነበር። እኔ በመጽሐፉ ልለፈው አስቤ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ከጓደኞቻቸው ሰምተው «እኛስ? ባለ መዲቻውን ለኛስ?» እያሉ ፋታ ነሱኝ። ርዕሰ መምህሩም «ያንን ዕቃ ስጡኝ ብለሽ ስትጨቀጭቂኝ ከርመሽ፣ አሁን ደግሞ አልፈልግም ትያለሽ» ሲል ሳቀብኝ። ዕቃውን መንካት የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋቢው ተጋረደ፣ አንሶላው ተወጠረ። ያ ሰው ላፕቶፑ ጋ ቆመ። አልተያየንም። ቅድመ አያቴ ሲወጣ የሻያን መሬት፣ ገባሮቹን፣ የተነዳውን ከብት፣ የተመለሰውን ግማሽና ያልተመለሰውን ግማሽ ተናገርኩ። «እጁን አጉላልን» አልኩ። አጎላው። መዲቻው አንሶላውን ሞላው፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንግዲያ የእርስዎ ጎሳ ማን ይባላል?»

ማንም ጠይቆኝ የማያውቀው ጥያቄ ነው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከሱ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ሲተዋወቅ፣ ሲምል፣ ሲቀልድ። አላውቅም ብል ክፍሉ ያምነኛል። ዝም ብል እንደገና መብራት ሊያጠፋልኝ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጓል፤ አይቼዋለሁ።

የጎሳውን ስም ጠራሁት። በሱ አጠራር፣ በኦሮምኛ ቃና፣ ድምፄ ሳይቆረጥ። አራት አምስት ልጆች «የኛም!» እያሉ ጨፈሩ፣ ሌሎቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው እስኪበርድ ቆምኩና «ቀጥል» አልኩት። ጣቱን ከማጥፊያው ላይ አነሳ፤ የሚቀጥለውን ሥዕል አመጣ።