የእትየ ዘርፌ ማይክሮስኮፕ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ እናቴን ልጠይቅ ያደግሁበት ሰፈር ነቬ ኢታማር ስሄድ፣ አሳንሰሩ ውስጥ የገዛ እጅጌዬ ሸተተኝ። የክሳይሊን ሽታ ነው፤ የዕጢ ናሙና ማይክሮስኮፕ ሥር ከመግባቱ በፊት ሰሙን የምናጥብበት ፈሳሽ። አፍንጫን ሰርስሮ የሚገባ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ራስ የሚያዞር ሽታ አለው። በካንሰር ምርምር ስሠራ ይኸው ስምንት ዓመቴ ስለሆነ ከለመድኩት ቆይቻለሁ። በዚያ አሳንሰር ውስጥ ግን የእትየ ዘርፌ ነጠላ ትዝ አለኝ።

እትየ ዘርፌ በልጅነቴ ፊት ለፊታችን ትኖር ነበር። አንድ የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ወለል ትወለውላለች፣ ጠርሙስ ታጥባለች። ከአውቶቡስ ስትወርድ በረኪናና ክሳይሊን ትሸታለች። ምላሷ እሬት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ድምጿን ሲሰሙ ይበታተናሉ። እኔ ግን ማምለጫ አልነበረኝም፤ የአገሩን ቋንቋ ዕብራይስጥ ማንበብ ስለምችል የጎረቤቱ ሁሉ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። የትምህርት ቤቱንም፣ የሐኪም ቤቱንም ደብዳቤ ለየቤቱ የማነበው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ላቦራቶሪው የጣለውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደታቀፈች ሁሉ በአውቶቡስ አመጣችው። አንዱ ሌንስ የተሰነጠቀ፣ በመብራት ፋንታ ከሥሩ ትንሽ መስታወት ያለው ነበር። የባሕር ጨው አጥሩን የበላው በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችና መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረች። ከዚያ ሳትጠይቀኝ ከራሴ ላይ አንድ ፀጉር ነቀለች።

"ምን አየሽ?"

"ምንም።"

ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። "እግዜር ዓይን የሰጠሽ ለኩል ነው? ማዕባዳ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ሰዎች ያላዩትን አይጨምሩም፣ ያዩትን አይውጡም። እንደገና እይ!"

ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዝንብ ክንፍ፣ የገዛ ምራቄ ሳይቀር አየሁ። ስሳሳት ትቆነጥጠኛለች፣ በትክክል ስመልስ አታመሰግነኝም። ጆሮዬ እየቀላም እወዳት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ጡቷ ላይ እባጭ ወጣባትና ከእባጩ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ የመጣ ቀን ደብዳቤውን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ካንሰር ነው ይላል፤ ሳትዘገይ ለሕክምና ትቅረብ ይላል። የእትየ ዘርፌን በር አልፌ ለእናቴ አንብቤ ሰጠኋት።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ደብዳቤውን ልብስ ሳጥኗ ሥር ከተተችው።

"መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም" አለችኝ። "ወንድሟ ከክፋር ዮና ይምጣ፣ ዘመድ ይሰብሰብ። ደግሞ የልጇ ሰርግ ደርሷል። ሰርጉ ይለፍ።"

ለኛ ሰዎች ካንሰር ሞት ነበር፤ የሞት ዜና ደግሞ ወግ አለው፤ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ፣ ዘመድ ባለበት ይነገራል። መድኃኒት ያለው ነገር መሆኑን ያሰበ አልነበረም። ሰርጉ ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ እሱም ልብስ ሳጥን ገባ። ከሐኪም ቤት ሲደወል ነገሩን የሰማችው ሙሽራ ልጇ "እናቴ የለችም" እያለች ትዘጋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ የኛ ሰዎች፤ የሌላውን በሽታ ስለደበቀ ሰው ግን ምንም አልተረቱም።

እትየ ዘርፌ በየቀኑ ደረጃው ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

"አንች፣ ሚክታብ ከሐኪም ቤት አልመጣም?"

"ደብዳቤ አልመጣም፣ እትየ።"

"ዝም ካሉማ ደህና ነኝ ማለት ነው።"

በሰርጉ ቀን የታመመውን ጎኗን በአንድ እጇ ደግፋ እስክስታ ወረደች። ሁላችንም እያወቅን አጨበጨብንላት። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ማለዳ፣ ወንድሟና ሽማግሌዎቹ በሯን አንኳኩ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ስታይ "ማን ሞተብኝ?" ብላ ጮኸች። ነገሯት። ከሰዎቹ ትከሻ በላይ በዓይኗ እኔን ፈለገችኝ።

"አንች አይተሽው ነበር?"

አንገቴን ደፋሁ። እንድትቆነጥጠኝ ጆሮዬን አስጠጋሁላት። አልነካችኝም።

ሆስፒታል ለማስተርጎም የተወሰድኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ለምን እስካሁን ቆየች? ያኔ ብትመጣ ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን ተሰራጭቷል። ንገሪያት።"

አንድ ቃል ሳልውጥ ነገርኳት። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም። 

"ደብዳቤው ዘግይቶ ደረሰ በይው" አለችኝ።

ተረጎምኩለት።

ፋሲካን ሳታይ ሞተች። ለቅሶው ሲያበቃ ልጇ ማይክሮስኮፑን አመጣችልኝ፤ "ለዚያች ልጅ ስጧት" ብላ ነበር አሉ። ሌንሱ ሥር የኔ ፀጉር እንደተለጠፈ ነበር። ዛሬ የማያቸው ናሙናዎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። መልካቸው የተዛባውን ሴሎች ስለቅም እውልና ያየሁትን በዕለቱ እጽፋለሁ። ለየትኛዋ ሴት እንደሆነ አላውቅም፤ የማንኳኳው በርም የለም።

ያን ቀን ከአሳንሰሩ ስወጣ እናቴ በር ከፍታ አቀፈችኝና እጅጌዬን ይዛ አፍንጫዋን ሰበሰበች።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"እትየ ዘርፌ" አልኳት።

የፊት ለፊቱን በር አንዴ አየችው። ከዚያ እጅጌዬን ለቀቀችና ወደ ውስጥ ገባች።