በጠመንጃ ያዥ ጣሪያ ላይ አሞራ ቆጠራ

ልደታ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ከኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ፊት ለፊት ሲያንዣብቡ የነበሩት ጭላቶችና ጥንብ አንሳዎች ጠፉ። በዚህ ወቅት የሰሜኑ ዓለም በረዶ ሲለብስ፣ ብርዱን የሸሹ ጭላቶች ወደ እኛ በጋ ይመጣሉ። ስለዚህ ቁጥራቸው መጨመር ነበረበት። መጽሐፍ ያነበበ ሰው እንደሚያደርገው ከወንበሬ ሳልነሳ ምክንያቱን አገኘሁ፤ ግንባታው አባረራቸው አልኩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ልብስ እያሰጡ፣

"ምን አባረራቸው! ጾም ገባ፣ ሥጋ ቤቶቻችን ተዘጉ። ወደ ሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ሄደው ነዋ" አሉኝ።

ወይዘሮ አስካለ ስለ አሞራ አንድም መጽሐፍ አላነበቡም። እንደተሳሳቱ ላሳያቸው ደብተርና የሩቅ ማያ መነጽር ይዤ ወጣሁ።

ሰንጋ ተራ፣ ሦስት ሰዓት

ከከብት ገበያው የቀረው ስሙ ብቻ ነው። አንድ ጭላት ክሬን ጫፍ ላይ ተቀምጧል። "አንድ" ብዬ ጻፍኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አይቶ፣ "ፋዘር፣ ማንን ነው የሚሰልሉት?" አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ግን ፈቀቅ ብሎ ራቀኝ።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አራት ሰዓት

ወይዘሮ አስካለ ልክ ነበሩ። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ከሥጋ ቤታቸው ጀርባ ወጥተው የሥጋ ትርፍራፊ የቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ይወረውራሉ። አሥራ ዘጠኝ ጭላትና ሰባት ጥንብ አንሳ ቆጠርኩ። ጥንብ አንሳዎቹ ተራቸውን እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ዳር ይዘው ቆመዋል። እያየሁ ስጽፍ ሐጂ መጡ።

"ጌታዬ፣ ከወረዳ ነዎት?"

"ከወረዳ የባስኩ ነኝ" አልኩ።

ቀልዴ ነበር። እዚህ ሰፈር ግን ጣሪያ እያየ የሚጽፍ ሰው መጥቶ ቤት ሳይታሸግ ወይም ሳይፈርስ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሐጂ አልሳቁም።

በማግስቱ፣ ያው ሰዓት

ቆርቆሮው ታጥቦ ያብረቀርቃል። አራት ጭላት ዞር ዞር ብለው ሄዱ። "በግንባታ ጫጫታ ሳይሸሹ አልቀሩም" ብዬ ጻፍኩ። ሞኝነት ከብዕር ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያምርበታል።

ሦስተኛው ቀን

አንድም የለም። ገብቼ ጠየቅሁ።

"ሐጂ፣ አሞሮቹ የት ሄዱ?"

"ጣሪያውን አጥበነዋል ጌታዬ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ አንዲት ቁራጭ አልወጣችም። ብቻ ሱቁን አያሽጉብኝ፤ ዘጠኝ ሰው ይበላበታል።"

"እኔ እኮ አሞራ ነው የምቆጥረው።"

"ለዚህ ማን ይከፍልዎታል?"

"ማንም።"

ይሄ ይባስ አስፈራቸው። ደብተሬን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ጣሪያ፣ ቁጥር። ሐጂ እስከ መጨረሻው አነበቡና በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። በእሳቸው ዓይን ሳየው፣ ከዚህ የተሟላ የክስ መዝገብ አይቼ አላውቅም።

"አባቴም ይጥሉላቸው ነበር" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰደቃ ነው። አሁን ግን አልችልም።"

"እኔ እኮ ማንም አይደለሁም።"

"እሺ፣ ማንም አይደሉም። ነገ የሚመጣውስ?" ከባንኮኒው ሥር አንድ ፌስታል ትርፍራፊ አነሱ። "ካዘኑላቸው እርስዎ ያብሏቸው።"

ወደ ልደታ፣ ስምንት ሰዓት

ደም የሚያንጠባጥብ ፌስታል አንጠልጥዬ፣ በጾም፣ በልደታ ማርያም በር አለፍኩ። ጧፍ ሻጮቹ ተያዩ። የሕንፃችን ደረጃ ላይ ወይዘሮ አስካለ ያዙኝ።

"በጾም?"

"ለአሞሮቹ ነው።"

"እነሱ ደግሞ አንተን የት ያውቁሃል?"

ሕንፃው አናት ላይ ትርፍራፊውን በትኜ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጥኩ። ሁለት ጥንብ አንሳዎች በጣም ከፍ ብለው ዞሩ፣ አልወረዱም። ሥጋውን ቁራዎች ጨረሱት።

ከሦስት ቀን ጉዞ የተማርኩት ይህ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሁለት ትውልድ ያቆየውን ልማድ ለማስቆም ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፣ ደብተርና ቀልድ ይበቃል። ለገና ሦስት ሳምንት ይቀራል። ሥጋ ቤቶቻችን እስኪከፈቱ አሞሮቹ ምን እንደሚበሉ መጽሐፎቼ አይናገሩም። ሐጂ ሰይድ ያውቁ ነበር።