የእንቁጣጣሹ ዳቦና የደነዘዙት ጣቶቼ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው እንቁጣጣሽ፣ እዚሁ ካምፓላ ውስጥ ነው። ወራት አልፈውታል፤ ግን ዳቦ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዳቦ ደግሞ በየቀኑ የሚታይ ነገር ስለሆነ መርሳት አልቻልኩም። ባለቤቴ ወይንሸት «ጻፈውና ይውጣልህ» ስላለችኝ ነው ብዕር የያዝኩት። ብዕር መያዙ ራሱ አሁን ለእኔ ሥራ ነው፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ዕድሜዬ ስልሳ ሦስት ነው። ካምፓላ ስኖር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መመካት አይሁንብኝና፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብሎን ብትሰጡኝ በጣቴ ዳስሼ ስንት ቁጥር እንደሆነ እነግራችሁ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

ሽንት እየከለከለኝ ብዙ ጊዜ ስቸገር ቆይቼ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባልኩ። ወደ አጥንትም መሄድ ጀምሯል አሉኝ። መጀመሪያ የሆርሞን መርፌ፣ ቀጥሎ ኬሞ ታዘዘልኝ፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ። ንሳምብያ ኮረብታ ላይ ወዳለው ሆስፒታል እወጣለሁ፣ ወንበር ላይ ተጋድሜ ጠብታውን ሳይ እውላለሁ፣ ከዚያ ወይንሸት ደግፋኝ ካምዎክያ ወደሚገኘው ቤታችን እንመለሳለን። ሥራችን ይኸው ሆነ።

ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። ሞትን አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ግን ከሞት እኩል የፈራሁት ከንፈር መጠጣውን ነው። እዚህ ያለን፣ በዓል የምንጠራራ ሐበሾች ብዙ አይደለንም። ከመካከላችን ትልቁ እኔ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ጋሼ በለጠ ይጠራ፣ ቤት ሲመረቅ ጋሼ በለጠ ይመርቅ፣ በዓል ሲሆን ዳቦውን ጋሼ በለጠ ይቁረስ ነው። ማንም አልሾመኝም፤ በዕድሜ ነው ያገኘሁት። ግን ምን ልበላችሁ፣ ወድጄዋለሁ። ካንሰር፣ ያውም እዚያ ቦታ ላይ፣ መያዜ ከተሰማ ከዚያ ወዲህ ጋሼ በለጠነቴ ያበቃል፤ «ምስኪን» ነው የምባለው። የአገሩ ሰዎችም ለዚህ የሚሆን ቃል አላቸው፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «ባምቢ» ይላሉ። በሁለት ቋንቋ እንዲታዘንልኝ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ስኳር ነው አልኩ። ስኳር የታወቀ በሽታ ነው፤ የእኔ እኩያ ግማሹ አለበት። ስከሳ ስኳር፣ በመርፌው ምክንያት ያረጡ ሴቶች የሚያወሩት ዓይነት ሙቀት መጥቶ ላብ ሲያጠምቀኝ ስኳር፣ ከሰው መሀል ተነስቼ ወደ ሽንት ቤት ስሮጥም ስኳር። ፀጉሬ ሲያልቅ ቆብ ደፋሁ። ቅንድቤ ሲረግፍ ፍሬሙ ወፍራም የሆነ መነጽር አደረግኩ። ሰውም አመነኝ።

ጣጣው ግን ከዚያ ጀመረ። ሐበሻ በሽታህን ከነገርከው መድኃኒቱን ይዞልህ ይመጣል። ቤታችን በሽፈራው ዱቄት፣ በተልባና በጥቁር አዝሙድ ተሞላ። የሄድኩበት ቤት ሁሉ ሻይ ያለ ስኳር ይቀዳልኛል። አፌ እንደሆነ በኬሞው ተበላሽቶ ብረት የላሰ ይመስለኛል፤ ትንሽ ስኳር ቢገባበት ምን ነበረበት። ግን የዋሸሁት እኔው ነኝ። መራራውን ሻይ እየዋጥኩ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ።

ከአራተኛው ዙር በኋላ ጣቶቼ ደነዘዙ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፋቸውን ውርር ይለኝ ነበር፤ ሰው እጁ ላይ ተኝቶ ሲነሳ እንደሚሰማው ዓይነት። በኋላ እሱም ጠፋ። ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ፤ ወይንሸት ትቆልፍልኝ ጀመር። እንጀራ ስቆርስ ምን ያህል እንደያዝኩ ስለማላውቅ ወጡ ደረቴ ላይ ይፈሳል። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብሎን አንስቼ ብዳስስ፣ ብዳስስ ምንም አልነግርህ አለኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ሐኪሙን ብጠይቀው ስሜቱ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። ይህን እኔም አላጣሁትም።

ስድስተኛው ዙር ነሐሴ ውስጥ አለቀ። እንቁጣጣሽ ደግሞ እዚህ አገር የሥራ ቀን ስለሚሆን እኛ የምናከብረው በዓሉን ተከትሎ በሚመጣው እሑድ ነው። ተራው የሰናይትና የባሏ የዳዊት ነበር። ሁለቱም ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፤ እሷ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፣ እሱ አየር መንገድ ነው። ቤታቸው ናጉሩ ኮረብታ ላይ ነው። ወይንሸት እንቅር ብላኝ ነበር። «በዚህ እጅህ?» አለችኝ። ብንቀር ምን ይባላል ብዬ ተቆጣሁ። ሸሚዜን ቆለፈችልኝና ሄድን።

ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ሰናይት ድፎ ዳቦውን የአገሩ ሰዎች ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ምግባቸው በሚጠቀለልበት የሙዝ ቅጠል ጋግራዋለች፤ እዚህ ኮባ ማን ያመጣል። እኔን መሀል ላይ አቁመው ሁሉም ቆመ። መረቅኩ። ምርቃት ላይ አልታማም፤ ዓመቱ የጤና፣ የሰላም፣ የወለዱት የሚያድጉበት፣ የታመሙት የሚድኑበት ይሁን አልኩ። ከዚያ በግራ እጄ ዳቦውን ደግፌ በቀኜ ቢላዋውን አነሳሁ።

አንድ ጊዜ ቆረስኩ። ሁለተኛውን ስቆርስ ዳቦው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። በርበሬ መሰለኝ። ወጥ የነካ ቢላዋ ሰጥተውኝ ነው ብዬ ንድድ አለኝ። ቀና ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ፣

«ቢላዋውን ማን ነው ያላጠበው?» አልኩ።

ሁሉም እጄን ያያሉ። ሰናይት አፏን በእጇ ይዛለች። እኔ ግን ጥፋተኛውን እየፈለግኩ መቁረሴን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ወይንሸት መጥታ ክንዴን ያዘችና «በሌ፣ ጣትህ ነው» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የግራ እጄ ሌባ ጣት እስከ ውስጥ ድረስ ተሰንጥቋል። ደሙ ዳቦው ላይ ይወርዳል። አንዲት ቅንጣት ሕመም አልተሰማኝም። የሌላ ሰው ጣት እያየሁ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ቤቱ ተተራመሰ። አንዱ «ስኳር ላለበት ሰው ቁስል እኮ አይድንም» ይላል፣ ሌላው ቡና ነስንሱበት ይላል። አንዲት ሴት ከኋላ «በዓመት መባቻ፣ ምን ጉድ ነው» ስትል ሰማኋት። ደም የነካውን ዳቦ ሰናይት በጨርቅ ሸፍና ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። የሠላሳ ሰው በዓል አበላሽቼ መሀል ወለሉ ላይ እንደ ሕፃን እጄን አንከርፍፌ ቆምኩ። ማድረግ የምችለው አንድም ነገር አልነበረም።

ዳዊት ጣቴን በፎጣ ጠምጥሞ መኪና ውስጥ ከተተኝ። ቁልቁል ወርደን አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባን። ወይንሸት ደም ስታይ ስለምትወድቅ ውጭ ቀረች፤ ዳዊት እኔን ደግፎ ገባ። መንገድ ላይ ያ ሙቀት መጥቶብኝ ስለነበር ቆቤን አውልቄያለሁ፤ እሱ ነው የያዘልኝ። ገና እንደገባን ለነርሷ ስኳር አለበት ብሎ ነገራት። እኔም አላረምኩትም።

ነርሷ ጎልማሳ ሴት ናት። ጃጃ ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ይከፋኝ ነበር። ማደንዘዣ ስትወጋኝ ፊቴን ታያለች፤ እኔ ፍንክች አላልኩም። ሌላውን ጣቴን ወጋ አድርጋ ስኳሬን ለካች። ደህና ነው፣ እንዲያውም ከእኔ ይሻላል አለች። ዳዊት ደስ አለው። እሷ ግን አልተዋጠላትም። የጠቆሩ ጥፍሮቼን አየች፣ ራሰ በራ ጭንቅላቴን አየች፣ መነጽሬን ዝቅ አድርጋ ቅንድቤን አየች። ከዚያ በቀስታ፣

«ጃጃ፣ ኬሞ ወስደዋል?» አለችኝ።

ዳዊት አጠገቤ ቆሟል። ዓይኑ ወደ እኔ ሲዞር ይታወቀኛል። ብዙ ወር ሙሉ በቆብ፣ በመነጽር፣ በመራራ ሻይ የጠበቅኩት ነገር እጇ ላይ ነው። አይደለም ብል መድኃኒት ልትሰጠኝ ነው፤ ሊጎዳኝ ይችላል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? «አዎ» አልኩ። የምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሱንም ተናገርኩ።

ነርሷ ሰፍታኝ ስትጨርስ ዳዊት ቆቤን ጭንቅላቴ ላይ መልሶ አደረገልኝ፤ ጎን ጎኑንም አስተካከለው። አባቱን የሚያለብስ ልጅ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ወይንሸት መኪና ውስጥ ሳትገባ ተሽቀዳድሜ «ዳዊት፣ ይህ ነገር ካንተ እንዳይወጣ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከሰው ራቅኩ። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ብቻ ሆንኩ። ስልክ ሲደወል ልቤ ድንግጥ ይላል፤ አሁን ከንፈር መምጠጥ ሊጀምሩ ነው እላለሁ። የሚደውሉት ግን ስለ ጣቴ ብቻ ይጠይቁና ይዘጋሉ። ልጁ ቃሉን ጠብቋል ብዬ መረቅኩት።

ገና ሲቃረብ ሰናይት ደወለች። እንቁጣጣሽን ዳቦ ሳንበላ ስለተለያየን ገናም እኛ ቤት ነው አለች። ሌላ ሰው አስቆርሺ ብላት «ጋሼ፣ እርስዎ ካልቆረሱልኝ አልጋግርም» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም፤ ቁስሉ ድኗል፣ በሽታዬም ስኳር ነው።

የገና ዕለት እንደተቀመጥን ሻይ መጣልኝ። ስቀምሰው ስኳር አለው። ተሳስተው ነው ብዬ ዝም ብዬ ጠጣሁት። ሁለተኛው ሲመጣም ስኳር አለው። አሁንም ምንም አልጠረጠርኩም፤ እንዲህ ነው የሰው ሞኝነት።

ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀረበ። ሰው ሁሉ ቆመ። ምርቃቱን አረዘምኩት፤ እውነቱን ለመናገር ቢላዋውን ፈርቼ ነው። ሁሉም አሜን ሲል ሰናይት ጨርቁን ገለጠችልኝ። ግራ እጄን ከኋላዬ ደብቄ በቀኜ ቢላዋውን ጫን አደረግኩት። ጣቴ ባይሰማም ክንዴ ይሰማል። ቢላዋው እንደ ውኃ ወረደ። ደንግጬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዳቦው ቀድሞ ተቆርሷል። ከመሀል እስከ ዳር በስሱ ተቆራርጦ፣ ተጠጋግቶ፣ ሙሉ መስሎ ነው የቀረበው።

ቀና አልኩ። ሠላሳ ሰው መሬት መሬት ያያል። ልጆቹ ሳይቀሩ ምንጣፉን ያጠናሉ። ዳዊት ብቻ ፊቱ ቀልቷል። ሁሉም ያውቃሉ። ምናልባት ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ ያውቃሉ።

ውስጤ ነደደ። ቢላዋውን ወርውሬ ልወጣ አሰብኩ። ግን ወጥቼ የት እሄዳለሁ? የሸሚዜን ቁልፍ እንኳ ሌላ ሰው ነው የቆለፈልኝ። ከዚያ በተቆረሰው ላይ ቀስ ብዬ እየገዘገዝኩ፣

«ሰናይት፣ የዛሬው ዳቦሽ ጠንክሯል» አልኩ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሳት በዝቶበት ነው» አለች።

እስከ መጨረሻው ቆረስኩት። አንድም ሰው ከንፈሩን አልመጠጠም።

አሁን ጥፍሮቼ እያደጉ ነው። ጣቶቼ ግን እንደተኙ ናቸው። የሚቀጥለው ምርመራ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ዳዊትን አንዳንድ ቀን እቀየመዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጄ ቢሆን እላለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ካንሰር ነው አላልኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሁሉን ነገር ሰው እያደረገልኝ መቀበል እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ስለ ፋሲካ ልትነግረኝ ደወለች። የሚመጣውን ሰው ቆጠረችልኝ፣ ሰዓቱን ነገረችኝ። ልትዘጋ ስትል፣ «ጋሼ፣ ዳቦውን እንዴት ላድርገው?» አለችኝ።

ወይንሸት አጠገቤ ቆማ ሸሚዜን እየቆለፈች ነበር።

«እንደ ገናው አድርጊው» አልኳት።